ቱንቢው ደርሶኛል

ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቀኝ እጅዎ እንዴት ሆነ፣ ማንኪያ ማንሳት ጀመረ ወይስ አሁንም የምታጎርስዎ እማዬ ናት? ወገብዎስ? እንቅልፍዎስ? ያ የሚያስጨንቅዎ ሳል ለቀቀዎ ወይ? እማዬስ እንዴት ናት፣ ጉልበቷ ደረጃ ያስወጣታል? እህቴስ፣ ባሏ ልብስ ሰፊውስ፣ ያቺ የፊት ጥርሶቿ የወለቁት ልጃቸውስ? ቤቱስ እንዴት ነው፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ አሁንም እርጥበት ይስባል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጽፈው። እርስዎ ግን ውሸት አልወድም እያሉ ነው ያሳደጉን፣ ስለዚህ እውነቱን ልናገር። ሰውነቴ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሆዴ ነው ያረረው።

ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ እህቴ እንደሆነች አውቃለሁ። እህት ዓለም፣ አደራሽን፣ አንዲት መስመር እንዳታልፊ። አንቺ ሆደ ቡቡ ነሽ፤ የአባባ ፊት ሲጠቁር ስታዪ እንግዲህ የቀረው ሰላምታ ብቻ ነው ብለሽ ወረቀቱን ታጥፊዋለሽ። አታጥፊው። ከደከመሽ ውሃ ጠጥተሽ ቀጥዪ። እማዬም ትስማ፣ በሩን እንዳትዘጉባት።

ያ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚለኩበት ቱንቢዎ ደርሶኛል። የመጣልኝ በእርስዎ ካልሲ ተጠቅልሎ ነው፤ ተረከዙ ላይ የተጣፈው በእማዬ እጅ ነው፣ ስፌቷን የትም ባየው አውቀዋለሁ። ያመጣልኝ መንገደኛ ፍተሻ ላይ ቦርሳውን አስከፍተው ያንን ሹል ናስ ሲያገኙበት ላብ በላብ ሆኖ ነበር አሉ። ምን እንደሆነ ቢጠይቁት ከየት አውቆ ይመልስ? የዓሣ ማጥመጃ ነው ብሎ ምሎ ተገዝቶ ነው ያለፈው። ወንዝ በሌለበት ከተማ ዓሣ አጥማጅ አደረጋችሁኝ። ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። ካልሲውን ስፈታ ግን ሳቄ ቆመ።

አብሮት የመጣውን ወረቀትም አንብቤዋለሁ። ጽሕፈቱ የእህቴ ነው፤ ቃሉ የእርስዎ ለመሆኑ ደግሞ አንድ ትርፍ ቃል የሌለበት መሆኑ ይመሰክራል። ይቅር ብዬሻለሁ፣ ሳልሞት ነይ፣ ቱንቢውን ይዘሽ ነይ። በቃ። ለአሥራ አንድ ዓመት ይህችው ናት። ሌላ ነገር ቢኖረው ብዬ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ባዶ ነው።

አባባ፣ ልጠይቅዎ። ለምኑ ነው ይቅር ያሉኝ?

መልሱን ከመስማቴ በፊት ያለሁበትን ልንገርዎ፣ ጠይቀውኝ ስለማያውቁ። የምኖረው ከሦስት ሴቶች ጋር ነው። አንዷ ሰቆ አንጣፊ ናት፣ ሁለቱ ሆስፒታል ያጸዳሉ። ክፍላችን አራት አልጋ፣ አንድ ምድጃና አንድ መስኮት አላት፤ መስኮቷ የምታየው የመኪና ማቆሚያ ነው። ከጣራው ማዕዘን ተነስቶ እስከ ትራሴ የሚወርድ ስንጥቅ አለ። የገባሁ ቀን ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ በየዓመቱ እንደ ልጅ ቁመት እለካዋለሁ፣ እሱም እያደገ ነው። ሥራዬ ያው የለመዱት ነው። አሁን የያዝነው ባለ ስድስት ፎቅ ነው፣ የደረጃ ቤቱ ግድግዳ የእኔ ድርሻ ነው። ፎርማኑ መጀመሪያ ሲያየኝ ቡና ልታፈላ የመጣች መስሎት ጀበናው ያለበትን ቤት በጣቱ አሳየኝ። በሳምንቱ የሰው ሁሉ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን እንዳይለት ይልከኝ ጀመር። እዚህም ቱንቢ ነው የሚሉኝ። ሰፈሩ ለእርስዎ ያወጣው ስም ሳልነግራቸው ተከትሎኝ መጣ።

ከእርስዎ ጋር ስንገነባ የነበረውን የምሳ ሰዓት ያስታውሳሉ? እኔ አልረሳሁትም። ሥራ ሲቆም ሁሉም ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ እርስዎ እጅዎን ታጥበው በሱሪዎ አድርቀው ያንን ቆዳው የተላጠ መጽሐፍ ከመሣሪያ ከረጢቱ ያወጣሉ። ሌላ ነቢይ አንብበውልን አያውቁም። ሁልጊዜ ያ ከብት ጠባቂው ነበር። እሱ እንደኛው የእጅ ሥራ ሰው ነው፣ ቤተ መንግሥት አላሳደገውም ይሉን ነበር። እግዚአብሔርን ቱንቢ ይዞ ግድግዳ ላይ ቆሞ ያየው እሱ ስለሆነ የግንበኛ ማኅበር አባል አድርገውት አረፉ። ድሃውን በጥንድ ጫማ የሚሸጡትን፣ በዝሆን ጥርስ አልጋ ላይ የሚንጋለሉትን ሲወቅስ ድምፅዎ ከፍ ይልና በመንገድ የሚያልፈው ሰው እሱን የሰደቡት መስሎት ዞር ይላል። ከአንበሳ አምልጦ ድብ ያገኘው፣ ከድቡም አምልጦ ቤቱ ሲገባ እጁን ግድግዳ ላይ ቢያሳርፍ እባብ የነደፈው ሰውዬ ጋ ሲደርሱ ግድግዳ ለሳኙ ባልደረባችን በሳቅ ይፈርስ ነበር። ምነው ሰውዬው ያን ቀን ከአልጋው ባልወረደ ይላል። እርስዎ አይስቁም። ግድግዳው ስንጥቅ ነበረው፣ ባለቤቱ አልደፈነውም፣ ይሉታል።

ንባቡ የሚያልቀውም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነበር። ሕዝቡ በወንፊት ይነፋል፣ ክፉ ነገር እኛን አይነካንም ያሉት ሁሉ በሰይፍ ያልቃሉ፣ መጽሐፉ ይዘጋል፣ ወደ ሥራ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው የመጽሐፉ ቅጠል ተጣብቋል። ያጣበቅኩት እኔ ነኝ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ የረጠበ የኖራ ብሩሽ ከመጽሐፉ ጋር አንድ ከረጢት ከትቼ። ያን ቀን ተገርፌያለሁ፣ ይገባኝም ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ነቢዩ እዚያች ጋ አፉን ዘግቶ ወደ ከብቶቹ የተመለሰ መስሎኝ አደግኩ። የእኛ ሠራተኞችም ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚመስላቸው።

አሁን በመጨረሻ አብረን ወደገነባነው መጋዘን እንምጣ። እህቴ፣ እዚህ ጋ ድምፅሽን አትቀንሺ።

ልካችን ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሦስት ሳጥን አሸዋ ነበር። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ ሳጥኑም የእርስዎ ነበር፣ ጠርዙ በቆርቆሮ የታሰረው። ሥራው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ያ ሳጥን የት እንደገባ ሳይታወቅ ጠፋና ባለመጋዘኑ ከራሱ አናጢ ያሠራው አዲስ ሳጥን መጣ። ነገሩ የገባኝ ምሳ ላይ ነው። እኔ ሁልጊዜ ሳጥኑን ደፍቼ ነው የምቀመጥበት። ያን ቀን ስቀመጥ ከወትሮው ከፍ አልኩ፤ ዳቦዬን ጉልበቴ ላይ ባኖረው ተንሸራቶ ወደቀ። ተነስቼ ሳጥኑን በእጄ ለካሁት። አራት ጣት ጨምሯል። በእያንዳንዱ ሳጥን አራት ጣት አሸዋ፣ ሲሚንቶው ግን ያው አንድ ከረጢት። ጡብ ሳስቀምጥ ጭቃው ለምን እንደ ዱቄት እንደሚፈርስብኝ የዚያን ጊዜ ገባኝ።

በሰው ፊት አላወጣሁትም። ምሳው እስኪያልቅ ጠብቄ ከመወጣጫው ጀርባ ጠራሁዎትና በጆሮዎ ነገርኩዎት። የመለሱልኝን እስከ ዛሬ ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«አይቼዋለሁ። አሥራ አራት ሰው ይህን ሥራ ተደግፎ ነው ያለው። አንቺ ዝም ብለሽ ገንቢ።»

ዝም ብዬ ገነባሁ። በማግስቱ ምሳ ላይ ያ ነቢይ መስፈሪያውን የሚያሳንሱትን፣ ሚዛኑን የሚያዛቡትን ነጋዴዎች የሚገስጽበት ቦታ ደረሱ። በየጊዜው ጠረጴዛ እንደሚመታ ዳኛ ጮክ ብለው የሚያነቡት ቦታ ነበር። ያን ቀን ገጹን ገልብጠው አለፉት። ማንም ልብ አላለም፣ ለሳኙም ሲሚንቶ አቡኪውም ዳቦአቸውን ይበላሉ። እኔ ቀና ብዬ አየሁዎት፣ እርስዎም አዩኝ። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ዓይን ለዓይን አልተያየንም።

የቀረውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ግን አንድ ጊዜ ከእኔ አፍ ይሰማ። ባለመጋዘኑ ቀኑ ደረሰብኝ ብሎ ሲያጣድፍዎ፣ ከሥር ያለው ሳይደርቅ በአንድ ቀን ስድስት ረድፍ አስጨመሩን። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ወረደ። አቡኪው አካፋውን እንደያዘ ግድግዳው ሥር ተጠለለ። ሲሚንቶ እያቦካ ሲዘፍን ሰፈር የሚያስቅ፣ የሁላችንንም ስም የሚያጣምም ሰው ነበር፤ ለእኔ ያወጣልኝ ስም ወይዘሮ ውሃ ልክ ነበር። ግድግዳው ላዩ ላይ ተደረመሰ። ጡቡን በእጃችን አንስተን አወጣነው። እግሩን ሐኪሞቹ ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ሁለት ልጆች ነበሩት፣ ሚስቱ ሦስተኛውን አርግዛ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሰው ተሰበሰበ፤ ባለመጋዘኑ፣ ሽማግሌዎቹ፣ የአቡኪው ወንድሞች፣ የእኛ ሠራተኞች ሁሉ። እርስዎ ቱንቢውን ከኪስዎ አወጡና ሳይወድቅ በቀረው ጥግ ላይ አንጠለጠሉት። ያ ጥግ የእኔ እጅ ሥራ ነበር። የተቀረው ግድግዳ ሲወድቅ ጎትቶት ዘሟል፣ ይህን ደግሞ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል። ገመዱ ከጡቡ ሁለት ጣት ርቆ ሲንጠለጠል ሰው ሁሉ አየ።

«ይህን የገነባችው የእኔ ልጅ ናት። ከቱንቢ የወጣ ከቤቴም ይውጣ።»

ለሳኙ ሬሳ ያለፈ ይመስል ኮፍያውን አወለቀ። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር። ሳጥኑም፣ አራት ጣቱም፣ አይቼዋለሁ ያሉኝም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አባትን በአደባባይ ማዋረድ መስሎ ታየኝና ዋጥኩት። ሳጥኑ እዚያው አሸዋው ላይ ተደፍቶ ነበር፤ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ቢለካው ሁሉን ነገር ይናገር ነበር። ማንም አልለካውም። እማዬ ዳቦና ሁለት ሸሚዝ በከረጢት አድርጋ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ። እርስዎ በር ላይ እንኳ አልወጡም።

እና አሁን ይቅር ብዬሻለሁ ይሉኛል። ወይ ጉድ።

ልቀጥል። ስድስት ዓመት ይሆነዋል፣ ሥራ ቦታ ምሳ ላይ ከሰቆ አንጣፊዋ ጋር ስንጨዋወት ያን ከብት ጠባቂ ነቢይ በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ወረድኩላት። ወንፊቱና ሰይፉ ጋ ስደርስ አለቀ አልኳት። ሳቀችብኝ።

«ምን ያልቃል፣ ዋናው ገና ነው እንጂ» አለችና መጽሐፏን ከፍታ አነበበችልኝ።

የወደቀችውን ጎጆ መልሶ ያቆማታል ለካ። የተነደለውን ይደፍናል፣ የፈረሰውን ይጠግናል። ሰዎቹ ባድማ የሆኑ ከተሞቻቸውን መልሰው ይሠራሉ፣ ከተከሉት ይጠጣሉ፣ ካለሙት ይበላሉ፣ ከዚያ በኋላ ከመሬታቸው የሚነቅላቸው የለም። ሲያፈርስ የኖረው ነቢይ መጨረሻው ላይ ግንበኛ ነው። ደስ ያለኝ እንዳይመስልዎ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጅራፉን ብቻ ሰምቼ ኖርኩ ማለት ነው አልኩ። ብሩሹን የከተትኩት እኔ ስለሆንኩ ግን ራሴን ነው የወቀስኩት። አባባም ሳያውቁት ኖረዋል፣ በእኔ ጥፋት ነው፣ ንገሪልኝ ብዬ ለእህቴ ጻፍኩላት።

የእህቴ መልስ ነው የገደለኝ። እማዬን ጠይቃት ኖሯል። እማዬ ምንም ክፋት ሳታስብ፣ አባትሽማ ያንን ክፍል በቃሉ ነው የሚያውቀው፣ ይህን ቤት ሲሠራ በየረድፉ ይለው ነበር አለቻት። ቅጠሉ ተጣብቆ በተገኘ ጊዜ በእንፋሎት ላላቅቀው ብላዎት ነበር። ተዪው አሏት። ለሠራተኛ ፍርሃቱ ይበቃዋል፣ መጨረሻውን ከሰማ እጁ ይላላል አሏት። እማዬ፣ ይህን ስለተናገርሽ እንዳታዝኚ፤ ካንቺ በቀር እውነት የነገረኝ የለም።

አባባ፣ ፍርዱን ለእኛ ሰጥተው ተስፋውን ለብቻዎ ደበቁት። ቤትዎን በእሱ ሠሩ፣ እኛን በሌላው አሠሩን። ያን ጥግ ላይ ቱንቢውን ያንጠለጠሉ ቀን ያች የተጣበቀች ቅጠል ከረጢትዎ ውስጥ ነበረች። አንዳንዴ ሳስበው ደግሞ አንጀቴን ይበላኛል፤ ከመጋዘኑ ወዲህ ለራስዎም ብለዋት ያውቁ ይሆን?

የላኩልኝን ቱንቢ እሑድ ረፋድ ላይ ከአልጋዬ በላይ ካለው ሚስማር አንጠለጠልኩት። ከዚያ ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ይህ አልነበረም። ሦስት ገጽ ሙሉ በእርስዎ ላይ ብቻ የተጻፈ ነበር፤ አንብቤው ጣፈጠኝ፣ ለሰቆ አንጣፊዋም አነበብኩላት። እሷ ካልሲዎን አገላብጣ የእማዬን ስፌት እያየች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ሰውዬውስ አለችኝ። የትኛው ሰውዬ አልኳት። እግሩን ያጣው፣ አሁን በምን ይኖራል አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው አባባ፣ አላውቅም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መባረሬን ሳስታምም ስለዚያ ሰው አንድ ጊዜ በደብዳቤ ጠይቄ አላውቅም።

ቱንቢው ከፊቴ ተንጠልጥሏል። ለእርስዎ ብዬ ያንጠለጠልኩት ነገር እኔ ላይ ዞረ። ያ ዝምታዬ ግማሹ አክብሮት ነበር። ግማሹ ግን ኩራት ነበር፤ ተበዳይ መሆን ጣፍጦኝ ነበር። ዝም ስላልኩ ባለመጋዘኑ ጥፋቱ የግንበኛዋ ነው ብሎ እጁን ታጠበ፣ አቡኪው ምንም ሳያገኝ ቀረ። እግሩን የወሰደችው ወይዘሮ ውሃ ልክ ናት ብሎ ነው እስከ ዛሬ የሚኖረው። ሦስቱን ገጽ ቀደድኳቸው።

በማግስቱ ከሱቁ ስልክ ለእህቴ ደወልኩላት። አቡኪው አሁን ለግንበኞች የአሸዋ ወንፊት እየሠራ ደጁ ላይ እንደሚውል ነገረችኝ። መዝፈን ከተወ ቆይቷል። ባለፈው ዝናብ የግቢው አጥር ወድቆ በአሮጌ ቆርቆሮ ነው የተከለለው፤ ግንበኛ በሞላበት ሰፈር አንድ ሰው አላቆመለትም። እርስዎም ሳይታመሙ በፊት በእሱ ደጅ እንደማያልፉ፣ ዳቦ ቤት ለመሄድ እንኳ በላይኛው መንገድ ይዞሩ እንደነበር ነገረችኝ። እኔም በላይኛው መንገድ የዞርኩ ሰው ነኝ፣ የእኔ መንገድ ብቻ ረዘመ።

ስለዚህ ይቅርታዎን አልቀበልም። ያላጠፋሁትን ይቅር ሊሉኝ አይችሉም፤ ያጠፋሁትን ይቅር የሚለኝ ደግሞ እርስዎ አይደሉም።

ግን እመጣለሁ። ፎርማኑን የሦስት ሳምንት እረፍት ለምኜ ፈቅዶልኛል። አውቶቡሱ በወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ጠዋት ይገባል። እንዳሉኝ ቱንቢውን ይዤ ነው የምመጣው። ቀጥታ የምሄደው ግን አቡኪው ቤት ነው፤ እማዬ፣ አትቀየሚኝ። ስለ ሳጥኑ እነግረዋለሁ፣ ስለ ዝምታዬ እግሩ ሥር ወድቄ ይቅርታ እለምነዋለሁ። ከግቢው ካላባረረኝ አጥሩን ከመሠረቱ አወጣዋለሁ። ካባረረኝም ከውጭ በኩል ሆኜ እገነባለሁ፣ መንገዱ የሁሉም ነው።

እርስዎም እዚያ ይምጡልኝ። እግርዎ እንደማይታዘዝልዎ አውቃለሁ፤ ልብስ ሰፊውና ለሳኙ በወንበር ይሸከሙዎት። ሰፈሩ ይይ፣ ያን ቀን ያየ ሰፈር ነው። እዚያ ደጅ ላይ ተቀምጠው ለእኔ በጆሮዬ የነገሩኝን ለእሱ ጮክ ብለው ይንገሩት። አይቼው ነበር ማለት ብቻ ነው። ምላስዎ ከብዷል ይሉኛል፣ ይህች ግን አታቅተውም። ከዚያ በኋላ እህቴ እዚያው ምድጃቸው ላይ ውሃ ትጣድ፣ እማዬ ሃያ ስድስት ዓመት የተከለከለችውን ቅጠል በእንፋሎት ታላቅቀው፣ እርስዎም ለሁላችን ይበሉልን። ማንበብ ካቃተዎ በቃልዎ ያውቁታል።

ካልመጡ ቅጠሉ እንደተጣበቀ ይቆይ። ፍርዱን ሳይሰሙ ተስፋውን መስማት እንደማይቻል ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ ለራስዎ ሲሆን አይቀየርም። አጥሩን ጨርሼ ቱንቢውን እዚያው ሚስማር ላይ ሰቅዬ እመለሳለሁ፣ ቤት አልገባም። እማዬ ነጠላዋን ደርባ መጥታ እዚያው ታየኛለች።

ለእማዬ፦ ጉልበቷን ደጋግሜ ስሜያለሁ፣ የጣፈችውን ካልሲ አልመልስም፣ ክረምት ላይ አደርገዋለሁ በሉልኝ። ለእህቴ፦ ሳታልፊ ስላነበብሽ እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ካለፍሽም ስመጣ እጠይቅሻለሁ። ለልብስ ሰፊው፦ መንገደኛውን ስለፈለገልኝ አመሰግናለሁ፣ ወንበሩን የሚይዘው በጀርባ በኩል ይሁን፣ ክብደቱ እዚያ ነው። ለዚያች ጥርሰ ወላቃ፦ አክስት እንዳላት ንገሯት፣ የምትቀመጥበት ግድግዳም እሠራላታለሁ። ለሳኙን ካገኛችሁት ሰላም በሉልኝ፣ ኮፍያውን እንዳያወልቅ። አቡኪውን ግን በእኔ ስም ሰላም እንዳትሉት፣ ያን እኔ ራሴ ነኝ የምለው።

አባባ፣ ሐሙስ ዕለት የት እቀመጣለሁ ብለው አይጨነቁ። የአሸዋውን ሳጥን ደፍቼ ከአጥሩ ሥር አቆይልዎታለሁ። እኔው በእጄ የሠራሁት ነው፣ ልኩ ትክክለኛ ነው።

ልጅዎ

ከመኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት ካለው የሠራተኞች ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ስንጥቅ ካለበት ክፍል
ቅዳሜ፣ ዝናቡ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን